የፈረስ ድንጋጤ፦ ከጂስር እስከ ቃዲሲያ



ስለ ፈረስ ሲነሣ በአብዛኞቻችን ልብ ቀድሞ የሚመጣው ጀግንነት ነው። ሱረቱል ዓዲያትን የቀራ ልጅ ሁሉ አላህ (ሱ.ወ.) የማለባቸውን፣ ሰኮናቸው ድንጋይ ሲመታ እሳት የሚረጨውን የማለዳ ጋላቢዎች ያውቃል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) መልካም ነገር እስከ ዕለተ ቂያማ ድረስ ከፈረስ ግንባር ጋር የተቋጠረ መሆኑን ነግረውናል። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የጸና ነው። የአገራችን ሰው ግን በበኩሉ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል። ተረቱን የምንጠቅሰው ስለ ሰው ለመናገር ነው፤ ሆኖም ስለ ፈረሱም ቢሆን ቃል በቃል እውነት ነው። ፈረስ በተፈጥሮው ተዋጊ አይደለም። ፈሪ ነው። ፈሪ ስል እየዘለፍኩት አይደለም፤ አፈጣጠሩን እየነገርኳችሁ ነው።

በጋሪ የምትሄዱ ሰዎች ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ነፋስ ያነሣው ፌስታል ከመንገድ ዳር ብድግ ሲል ፈረሱ ወደ ጎን ይዘልና ጋሪውን ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ባለጋሪው «አንተ ደንባራ!» ብሎ አለንጋውን ያወርድበታል። ፈረሱም በሚቀጥለው ቀን እዚያው ቦታ ሲደርስ፣ ፌስታሉ በሌለበት፣ እንደገና ይደነብራል። ለምን? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ሰራዊት በታሪካችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከፍሏል። የመለሰውም አሸንፏል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የእነዚህን ሁለት ዕለታት ነገር ነው፤ አስቀድመን ግን እንስሳውን እንወቀው።

ፈረስ ሣር በል ነው። ቀንድ የለውም፣ የሚቧጥጥበት ጥፍርም የለውም። ሲጨንቀው ይራገጣል፣ ይነክሳል፤ ዋነኛው መዳኛው ግን ሩጫና ንቃት ነው። ዓይኖቹ በየብስ ላይ ከሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ዓይን ሁሉ ከትልልቆቹ ይቆጠራሉ፤ የተቀመጡትም እንደ እኛ ከፊት ሳይሆን በራሱ ግራና ቀኝ ነው። ስለዚህ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን በሙሉ ለማየት የሚቀረው ጥቂት ነው። የሚሰወርበት ልክ ከጀርባው ያለውና ከግንባሩ ፊት ለፊት፣ ከአፍንጫው ሥር ያለው ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ የቀረበውን ሰው የሚራገጠው ከክፋት አይደለም፤ ማን መሆኑን ስላላየ ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ በረት ሲያስገቡት እግሩን ተክሎ እምቢ የሚለውም ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ከእኛ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈጅበት ነው። ጆሮዎቹ ለየብቻቸው ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ ጋላቢው፣ ሌላው ወደ ቁጥቋጦው። በመንጋ ሲኖር ደግሞ አንዱ ከሮጠ ሌሎቹ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ይከተላሉ። ቆሞ ምክንያቱን የጠየቀው ፈረስ በጥንቱ ዘመን የአንበሳ ራት ሆኗልና! ቁርኣንም በሱረቱል ሙደሲር ከተግሣጽ የሚሸሹ ሰዎችን ከአንበሳ በሚሸሹ የደነበሩ አህዮች መስሏቸዋል። የፈረስን የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው።

ከሌሎች እንስሳት ጋር ያለውም ግንኙነት ከዚሁ የመነጨ ነው። ፈረስ እንስሳትን በጠላትና በወዳጅ የሚከፍለው በዝምድና አይደለም፤ ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም፣ ጉዳዩ ይኸው ነው። አብሮት ካደገ ፍየልም፣ በሬም፣ ግመልም ጓደኛው ነው። ብቻውን ሲሆን የሚረበሽን ፈረስ ከፍየል ወይም ከአህያ ጋር በማሳደር ማረጋጋት በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ነው። በአንጻሩ ያላደገበትን እንስሳ ሲያይ፣ ያ እንስሳ ሣር በል ቢሆንና ፈጽሞ የማይነካው ቢሆን እንኳ፣ መጠኑ፣ ሽታውና ድምፁ ብቻ ያስበረግገዋል።

እዚህ ላይ ሁለት የሐዲስ ዘገባዎችን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይር (ረ.ዐ.) አንድ ሌሊት ሱረቱል በቀራን ሲቀሩ አጠገባቸው የታሰረው ፈረስ ደነበረ። ዝም ሲሉ ረጋ። ሲቀጥሉ እንደገና ደነበረ። ልጃቸው የሕያ ከፈረሱ አጠገብ ተኝቶ ስለነበር እንዳይረግጠው ፈርተው ቂርኣታቸውን አቋረጡና ወደ ሰማይ ቢያዩ፣ መብራት የሞላበት ደመና የመሰለ ነገር ከበላያቸው አዩ። ሲነጋ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው፣ እነዚያ ድምፃቸውን ለመስማት የቀረቡ መላእክት እንደነበሩ አስረዷቸው። ሁለተኛውን የዘገቡት ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ.) ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በበኒ ነጃር አትክልት ቦታ በበቅሏቸው ላይ ሳሉ በቅሎዋ ድንገት ደንብራ ልትጥላቸው ደረሰች። በስፍራው ጥቂት መቃብሮች ነበሩ፤ እርሳቸውም ባለመቃብሮቹ በቅጣት ላይ መሆናቸውን ተናገሩ። መቼም የደነበረ ፈረስ ሁሉ መልአክ አየ ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያየው ፌስታል ነው። ነገር ግን ኡሰይድ ፈረሱን አልመቱትም። ዝም አሉና ምን እንደሆነ ለማየት ቀና አሉ።

አሁን ወደ ጂስር እንሂድ።

ጊዜው 13ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 634 ነው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ኺላፋውን በተረከቡበት ዓመት አቡ ዑበይድ አስሰቀፊ የተባሉትን አዛዥ ወደ ዒራቅ ላኩ። የሙስሊሙ ጦርና የፋርስ ጦር ኤፍራጥስን መሐል አድርገው ተፋጠጡ። ወንዙን እኛ እንሻገር ወይስ እነርሱ ይሻገሩ በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። ሰሊጥ ኢብኑ ቀይስን የመሳሰሉ ሰዎች አንሻገር ብለው መከሩ። አቡ ዑበይድ ግን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ለሞት ደፋር አይሆኑም ብለው በጀልባ ድልድይ ተሻገሩ። የቆሙበት ስፍራ ጠባብ ነበር፤ ከኋላቸው ውሃ፣ ከፊታቸው ዝሆን።

የሒጃዝ ዐረብ ስለ ዝሆን ሰምቶ አያውቅም ማለት አይደለም። ከሐበሻ ወገን የሆነው የየመን ገዥ አብረሃ ከዕባን ሊያፈርስ በመጣበት ጊዜ ዝሆን አስከትሎ ስለነበር ያ ዓመት «ዓመተ ፊል» ተብሎ ዘመን ይቆጠርበት ነበር፤ ሱረቱል ፊልንም ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቋታል። እንግዲህ ሰዎቹ በዝሆን ዘመን ሲቆጥሩ ኖረዋል። ፈረሶቻቸው ግን ዝሆን አይተው አያውቁም።

የፋርስ ዝሆኖች በላያቸው ሰው የሚቀመጥበት ማማ የታሰረባቸው፣ ቃጭል የተንጠለጠለባቸው ነበሩ። የፋርስ ፈረሶችም ጥሩር ለብሰው ስለነበር መልካቸው ሌላ ሆኗል። «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለውን ተረታችንን አስቡት። የሙስሊሞቹ ፈረሶች ይህን ጉድ ሲያዩና ሲሰሙ አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት አልሄድም አሉ። ጋላቢው ይገፋል፣ ፈረሱ ይሸሻል። ቀስተኛው ደግሞ ከማማው ላይ እየለየ ይመታል። አቡ ዑበይድ ከፈረሳቸው ወረዱ፤ ሰዉም ወረደ። በእግራቸው ሄደው የማማዎቹን ጠፍር እየቆረጡ የዝሆኑን ሰዎች ወደ ምድር ያወርዱ ጀመር። አቡ ዑበይድ ራሳቸው ነጩን ትልቅ ዝሆን ኩምቢውን በሰይፍ ሲመቱት ዝሆኑ ጥሎ ረገጣቸው። ከእርሳቸው በኋላ ዓርማውን ሰባት የሰቂፍ ሰዎች ተራ በተራ አነሡት፤ ሰባቱም ተገደሉ።

ከዚያ ከሰቂፍ አንዱ፣ ሰዉ እንዳይሸሽ በሚል ስሜት፣ ድልድዩን ቆረጠው። የተሸበረው ሰው ወደ ውሃው ገባ። አልሙሰና ኢብኑ ሓሪሳ ቆስለው ሳለ ጥቂት ሰዎችን ይዘው ድልድዩ እስኪጠገን ጠላትን ባይገቱ ኖሮ የሚተርፍ አልነበረም። ኢማም አጥጠበሪ ባቆዩልን ዘገባ የተገደለውና የሰጠመው ወደ 4,000 ይጠጋል። የተረፉት አፍረው ወደ መዲና በተመለሱ ጊዜ ሰይዲና ዑመር አልገሠጿቸውም፤ መጠጊያችሁ እኔ ነኝ ብለው አጽናኗቸው። እኔም ብሆን ከእነዚያ ሰዎች ጀግንነት ጎደለ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ሰዎቹ ከበቂ በላይ ጀግኖች ነበሩ። ችግሩ የጀግንነት አልነበረም።

ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ቃዲሲያ መጣ። ዓመቱን ታሪክ ጸሐፊዎች ከ14 እስከ 16 ዓመተ ሂጅራ ባለው ይለያዩበታል፤ አብዛኛው ሰው 636 ወይም 637 ይለዋል። የሙስሊሞቹ አዛዥ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ነበሩ። በወገብና በእግር ሕመም እንዲሁም በእባጭ ተይዘው ፈረስ ላይ መውጣት አልቻሉም፤ ከሰገነት ላይ በደረታቸው ተጋድመው ጦሩን እያዩ ትእዛዝ በወረቀት ይልኩ ነበር። የፋርሱ አዛዥ ሩስተም ከ30 በላይ ዝሆኖች አሰልፏል። የዚህ ውጊያ ዝርዝር በአብዛኛው ጠበሪ ከሰይፍ ኢብኑ ዑመር ተቀብለው የጻፉት ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ሰይፍን በሐዲስ ረገድ ደካማ ይሉታል፤ ታሪክ አጥኚዎችም በጥንቃቄ ያነቡታል። ስለ እንስሳት የተነገረው ግን እንስሳ የሚያውቅ ሰው የተናገረው መሆኑ ያስታውቃል።

በመጀመሪያው ቀን የጂስሩ ነገር ተደገመ። ዝሆኖቹ በበጂላ ጎሣ ላይ ዞሩ፤ ፈረሶቹ ደንብረው ተበተኑ፣ እግረኛው ብቻውን ቀረ። ሰዕድ የአሰድ ጎሣ እንዲደርስላቸው ላኩ፤ አሰዶችም ደርሰው ከባድ መሥዋዕትነት ከፈሉ። በዚህ ጊዜ ሰዕድ ወደ ተሚሞች የላኩት ጥያቄ ነው ትልቁ ነገር። በርቱ፣ ጨክኑ አላሏቸውም። እናንተ የግመልና የፈረስ ሰዎች ሆናችሁ ለእነዚህ ዝሆኖች መላ የላችሁም ወይ፣ ነው ያሏቸው። የተሚሙ ዓሲም ኢብኑ ዐምር አለን ብለው ቀስተኞችን በማማዎቹ ላይ አነጣጠሩ፤ ሌሎች ደግሞ ከዝሆኖቹ ኋላ ገብተው ጠፍሮቹን እንዲቆርጡ አደረጉ። ማማዎቹ ወደቁ። ያ ቀን በዚህ ተረፈ።

በማግሥቱ ዝሆኖቹ ማማ ስላልነበራቸው ከሰልፍ ውጭ ሆኑ። ከሻም የተላከው እርዳታ ጦር ግንባር ቀደሙ በአልቀዕቃዕ ኢብኑ ዐምር መሪነት ደረሰ። ተሚሞቹ ጂስርን የገለበጡት በዚህ ቀን ነው። የአልቀዕቃዕ ዘመዶች አሥር አሥር እየሆኑ በግመል ላይ ወጡ። ግመሎቹን ግን ጨርቅ አልብሰዋቸዋል፤ ፊታቸውንም ሸፍነውታል። ጠበሪ የተጠቀሙበት ቃል «ቡርቁዕ» ከሚለው የወጣ ነው፣ ሴቶች ከሚሸፈኑበት! ፈረሰኞች በዙሪያቸው ሆነው እየጠበቋቸው በፋርስ ፈረሰኛ ላይ እንዲሄዱ ተደረገ። የፋርስ ፈረሶች ይህን ሲያዩ ልጓም የሚይዛቸው ጠፋ። ዘገባው እንደሚለው በዚያ ቀን ፋርሶች በግመል ያዩት መከራ ሙስሊሞች በፊተኛው ቀን በዝሆን ካዩት የባሰ ነበር።

ልብ በሉ፤ ግመል ዝሆን አይደለም። ማንንም ረግጦ አልገደለም። ፈረስ ግመልን እንደሚፈራም የታወቀ ነገር ነበር፤ ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ በሰርዴስ አጠገብ የልድያን ፈረሰኞች የጓዝ ግመሎች ከፊት አሰልፎ እንደበተናቸው ሄሮዶተስ ጽፏል። የፋርስ ዘሮች በራሳቸው አያት ዘዴ መመታታቸው ነው። የዐረብ ፈረስ ግን ግመልን አይፈራም። ከውርንጭላነቱ የግመል ወተት እየጠጣ፣ በዘመቻ ጊዜም ኃይሉ እንዳያልቅ ባለቤቱ ግመል ላይ ተቀምጦ እየሳበው ስለሚሄድ፣ ግመል ለእርሱ የቤት ሽታ ነው። ፋርስም ግመል ነበረው፤ በእኔ ግምት ጨርቁና መሸፈኛው ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ግመል የሚያውቅ ፈረስም ቢኖር ያኛውን ግመል እንዳያውቀው።

በሦስተኛው ቀን ዝሆኖቹ ማማቸው ተጠግኖ ተመለሱ። አሁን ጠፍሩ እንዳይቆረጥ እግረኛ ከበባቸው፤ እግረኛውን ደግሞ ፈረሰኛ ከበበው። ይሁንና የፊተኛውን ቀን ያህል አላስፈሩም። ጠበሪ ምክንያቱን ሲያስቀምጡ ዝሆን ብቻውን ሲሆን አውሬነቱ ይበረታል፣ ሰው ሲከበው ግን ይለዝባል ይሉናል። ይህን አረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ሞት በፊቱ ቆሞ ሳለ የእንስሳ ጠባይ እንዲህ የሚያስተውል ሰው በዚያ ሜዳ ላይ ነበረ ማለት ነው። ሰዕድም ከፋርስ ወገን የሰለሙ ሰዎችን አስጠርተው የዝሆን ደካማ ቦታው የት ነው ብለው ጠየቁ። ዓይኑና ኩምቢው ነው አሏቸው። አልቀዕቃዕና ዓሲም ነጩን ዝሆን፣ ሁለት የአሰድ ሰዎች ደግሞ እከካሙን ዝሆን ዓይናቸውን በጦር ወጉ። እከካሙ በሁለቱ ሰልፎች መካከል ሲንከራተት፣ ከዚህም ከዚያም ሲወጋ ቆይቶ አልዐቲቅ ወደሚባለው ቦይ ዘሎ ገባ። ሌሎቹም ዝሆኖች ተከተሉት። የገዛ ወገናቸውን ሰልፍ ጥሰው ወደ መዳኢን አቅጣጫ ነጎዱ። ዝሆንም የመንጋ እንስሳ ነውና አንዱ ሲሮጥ ምክንያት አይጠይቅም።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት በኋላ «ፉሩሲያ» የተባለ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ መጻሕፍት ተጽፈውበታል። ከዘጋጆቹ አንዱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመምሉኩ ሱልጣን አንናሲር ሙሐመድ የፈረስ ሐኪም የነበሩት አቡበክር ኢብኑ በድር ናቸው።

ወደ ጋሪው ፈረስ ልመልሳችሁ። ፌስታሉን ሲያይ ደነገጠ፤ ወዲያው አለንጋ አረፈበት። እርሱ ግን የተመታው ስለ መዝለሉ መሆኑን በምን ይወቅ? የሚያውቀው ያ ነገር በታየበት ቦታ ሕመም መምጣቱን ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ ልክ ነበር ማለት ነው! ባለጋሪው ፈረሱን ያስተማረው ይህንኑ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስቸጋሪ ግመል ላይ ተቀምጠው ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለስለስ ማለትን ያዘዟቸው፣ ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ነው። የሚደነብር ፈረስ ያለው ሰው የሚያስፈራውን ነገር ከሩቅ እያሳየ፣ ረጋ ካለ ሌላ ፈረስ ጋር እያቆመ፣ ቀስ በቀስ ቢያስለምደው ይሻለዋል። ልጆቻችሁም በበግና በፈረስ አካባቢ ከሆኑ ከኋላ እንዳይቀርቡ፣ ከጎን ሆነው ድምፃቸውን እያሰሙ እንዲጠጉ አስተምሯቸው።

ደግሞም ፈረስ ከኮርቻው በላይ ያለውን ሰው ያነባል። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ፈረስ ይዘው አንድን መንገድ ደጋግመው እንዲሄዱ አደረጉ። በአራተኛው ዙር ላይ፣ አሁን ስታልፉ ጃንጥላ ድንገት ይከፈታል አሏቸው። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፤ ምንም ያልተነገራቸው የፈረሶቹም ልብ አብሮ ጨመረ።

አነስ (ረ.ዐ.) የሚከተለውን ነግረውናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ ሌሊት የመዲና ሰው በሰማው ድምፅ ተሸበረ። ወንዶቹ ተሰባስበው ወደ ድምፁ አቅጣጫ ሲወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚያው ሲመለሱ አገኟቸው፤ ቀድመዋቸው ሄደው፣ አይተው፣ እየተመለሱ ነበር። አትፍሩ ይሉ ነበር። የተቀመጡበት ፈረስ የአቡ ጦልሐ (ረ.ዐ.) ነው፤ መንዱብ ይባላል፣ በቀርፋፋነቱ የሚታወቅ። ኮርቻ እንኳ አልተጫነበትም፤ ሰይፋቸው በአንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ስለ ፈረሱም ሲናገሩ እንደ ባሕር ሆኖ እንዳገኙት ገለጹ። ከዚያ ቀን ወዲያ መንዱብን የቀደመው ፈረስ አልነበረም።